ቦይ ያልጠረገ ውሃ የለውም፦ የአትላስ ተራራ እርሻና የተዊዛ ፈተና

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ሞሮኮን የመታው በመጠን 6.8 የተለካ ርዕደ መሬት ወደ 3000 የሚጠጋ ሰው ገድሏል። ክፉኛ የተጎዳው ከማራካሽ በስተደቡብ ያለው የአል ሐውዝ ግዛት ነው። አካባቢው በተለምዶ በርበር የሚባሉት፣ ራሳቸውን ግን አማዚግ ብለው የሚጠሩት ታሸልሂት ተናጋሪ ገበሬዎች የሚኖሩበት የከፍተኛው አትላስ ተራራማ አገር ነው። መንግሥት ለ5 ዓመት የሚሆን 120 ቢሊዮን ዲርሃም መደበ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ለፈረሰበት 140 ሺህ፣ በከፊል ለተጎዳበት 80 ሺህ ዲርሃም እንደሚሰጥ ተገለጸ። የፈረሰ ቤት ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ግምት ይወጣለታል። የተናደ እርከን፣ የተሰነጠቀ የመስኖ ቦይና ውሃው የቀነሰ ምንጭ ግን ለቆጠራም ለካሳም አይመቹም። ሰው ተራራው ላይ ተመልሶ መኖር የሚችለው ግን እነዚህም ሲጠገኑ ነው።

ጥገናውን ለዘመናት ሲያካሂድ የኖረው ተዊዛ የሚባለው የጋራ ሥራ ነው። ስለ ተዊዛ በቱሪስት መጽሔትም በእርዳታ ድርጅት ሪፖርትም የሚጻፈው በአብዛኛው ያው ነው፦ ደግነት፣ መተሳሰብ፣ የአባቶች ወግ። ይህ አገላለጽ ውሸት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይጋርዳል። የአትላስ ገበሬ አካፋውን ይዞ ለቦይ ጠረጋ የሚወጣው ካልወጣ ውሃ ስለማያገኝ ነው። ጉልበትና ውሃ የታሰሩት በአንድ ገመድ ነው፤ ገመዱን ሳያውቅ የሚበጥስ ልማት፣ በቀና ልብ የመጣም ቢሆን፣ ሥርዓቱን ያፈርሰዋል።

ደቦና ወንፈልን ለሚያውቅ አንባቢ የተዊዛን መልክ መረዳት አይከብደውም። አንደኛው ዓይነት ቤት ለቤት የሚደረገው ነው፦ ገብስ ማጨድ፣ ጣሪያ ማልበስ፣ የተናደ የእርከን ግንብ ማንሳት። ጠሪው ቤተሰብ ዳቦና ሻይ፣ ከተቻለም ኩስኩስ ያቀርባል፤ የተረዳው በተራው ይሄዳል። የታመመች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ማሳና የመስጊዱ መምህር ማሳ ደግሞ ብድር ሳይቆጠር ይታረሳል። ሁለተኛው ዓይነት የመንደሩ የጋራ ንብረት ሥራ ነው፦ ቦይ፣ የውሃ መጥለፊያ፣ የበቅሎ መንገድ። እዚህ ላይ ግብዣ የለም፣ ግዴታ ነው። ቀኑን የሚቆርጠው ጀማዓ የሚባለው የመንደር ጉባኤ ነው። አንዳንዱ መንደር ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ሌላው ጉልበቱን እንደ ውሃ ድርሻው ይደለድላል፤ ብዙ ሰዓት የሚያጠጣ ብዙ ቀን ይሠራል። የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ መቀጮውን እምቢ ካለ ተራው ይታለፋል። በመንደሩ ውስጥ ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ደግሞ አንድ ተራ መዝለል ማለት በቆሎው ደረቀ ማለት ነው።

ቦዩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የጠቡም የስምምነቱም መነሻ እዚያ ነውና።

ቦዩ የሚነሳው ከማሳዎቹ በላይ ካለ የወንዝ ክፍል ነው። መጥለፊያው ከወንዝ ድንጋይ፣ ከቅርንጫፍ፣ ከእሾህ ቁጥቋጦና ከሣር ሥር ጋር ከተነሳ አፈር ይደረደራል። ሲያዩት ደካማ ነው፤ ድክመቱ ግን ታስቦበት ነው። በነሐሴ የሚወርደው የተራራ ነጎድጓድ ዝናብ ወንዙን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላዋል። በኡሪካ ሸለቆ ኦገስት 17 ቀን 1995 የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ ድርድሩ ይጠረግና ውሃው ወደ ቦዩ ሳይገባ በወንዙ ያልፋል። በማግስቱ ሃያ ሰው ወጥቶ መልሶ ይደረድረዋል። በኮንክሪት የተሠራ መጥለፊያ ግን አይሸሽም። ከጀርባው ጠጠርና ደለል ይሞላል፤ መዝጊያ በሩ በጊዜ ካልተዘጋም ጎርፉ በሙሉ ኃይሉ ቦዩ ውስጥ ይገባና ዳርቻውን እየጣሰ ከሥሩ ያሉትን እርከኖች ይዞ ይወርዳል። ሃያ ሰው በአንድ ቀን የሚመልሰው ጉዳት በዚህ መንገድ የአንድ ዓመት ሥራ ይሆናል።

ከመጥለፊያው በኋላ ቦዩ የተራራውን ወገብ ይዞ ይጓዛል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ሜትር ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው ወለሉን ይቦረቡረዋል፤ ካነሰ ደለሉ ይተኛል። ዋናው ጠረጋ በክረምቱ (እዚያ ክረምት የብርድና የበረዶ ወራት ነው) መጨረሻ፣ በረዶው ቀልጦ ውሃው ከመብዛቱ በፊት ይካሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላም ይደገማል። የሚወጣው ደለል የሚጣለው በቁልቁለቱ በኩል ባለው ዳርቻ ላይ ነው፤ ዳርቻውን ከፍ ያደርገዋል። በሽቅቡ በኩል የጣለው ሰው በሚቀጥለው ዝናብ ያንኑ ደለል ዳግመኛ ይዝቀዋል። የአይጥ ጉድጓድና የሥር ቀዳዳ በሣርና በሸክላ አፈር ይጠቀጠቅና በእግር ይረገጣል። ጥዋት የታየ ቀዳዳ በጭቃ ይደፈናል፤ ማታ ድረስ የተተወ ቀዳዳ ግን ዳርቻውን ያፈርሳል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከመድከም ቦዩን በሲሚንቶ መለሰን አይሻልም ወይ? በብዙ ሸለቆ እንዲህ ተደርጓል፤ የተገኘው ጥቅምም እውነተኛ ነው። በጠጠራማ መሬት ላይ የሚያልፍ የአፈር ቦይ ብዙ ውሃ ያሰርጋል። ነገር ግን የሚሰርገው ውሃ ሁሉ ባክኗል ማለት አይደለም። በቦዩ ዳር የቆሙት የዋልነት ዛፎች፣ ለጣሪያ አግዳሚ የሚሆነውን እንጨት የሚሰጡት ዛፎችና ለላም የሚታጨደው ሣር የሚጠጡት እሱን ነው፤ ከታች ያለው ትንሽ ምንጭም ሊሆን ይችላል። ቦዩ ሲለሰን ዛፎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጫፋቸው መድረቅ ይጀምራሉ። ተራራ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። መሬቱ ትንሽ ሲንሸራተት ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር አፈሩን ያጥባል፣ ከላይ ግን ደህና ይመስላል፤ አንድ ቀን ወለሉ በሙሉ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ግንበኛ ነው። መንደሩ በእጁ ያለው ጉልበት ነው፤ ጉልበት ብቻውን ደግሞ ኮንክሪት አይጠግንም። ርዕደ መሬቱም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የአፈሩ ቦይ በዶማና በአካፋ ሊመለስ ሲችል የኮንክሪቱ ቦይ በጀት መጠበቅ ነበረበት።

የውሃ ተራ አከፋፈሉ ደግሞ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግራ ነው። ለምን ሁሉም ትንሽ ትንሽ አይወስድም? ስሌቱን እንይ። አንድ ቦይ በሰከንድ 20 ሊትር ቢይዝና አንድ ቤተሰብ የ2 ሰዓት ተራ ቢኖረው 144 ሜትር ኩብ ውሃ ያገኛል። ሩብ ሄክታር ማሳ ላይ ቢለቀው መሬቱን 58 ሚሊ ሜትር ገደማ ያርሰዋል፤ ጥሩ የሚባል ማጠጣት ነው። ያንኑ ውሃ ለ10 ቤት በአንድ ጊዜ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ በሰከንድ 2 ሊትር ይደርሰዋል። 20 ሰዓት ቢፈስለት መጠኑ እኩል ነው፤ ግን በ2 ሊትር የሚሄድ ውሃ ከመጋቢው ቦይና ከመጀመሪያው መደብ አያልፍም፣ እዚያው ይሰርጋል። ስለዚህ ሙሉው ፍሰት ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ተራው ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይመለሳል። ቀኖቹ በቅድሚያ ለየዘር ሐረጉ ይመደባሉ፣ የዘር ሐረጉ ደግሞ ሰዓቱን ለቤተሰቦቹ ይከፍላል። ድሮ በጥላና በኮከብ ይለካ ነበር። በአንዳንድ ቦታ ሥሩ የተበሳ የመዳብ ጽዋ ውሃ ላይ ተቀምጦ እስኪሰጥም ያለው ጊዜ መለኪያ ነበር። ዛሬ የእጅ ስልክ ሰዓት ነው።

በፀደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ማንም እንደፈለገ ያጠጣል። ወንዙ ሲቀንስ ጀማዓው ተራ መጀመሩን ያውጃል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የውሃ ሌብነት ወንጀል ነው። የዛሬው ችግር ይህች ቀን ወደ ፊት እየመጣች መሆኗ ነው። ሞሮኮ ከ2018 ጀምሮ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት በድርቅ ተመትታ ነበር፤ በረዶው ይሳሳል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ለአጭር በጋ የተሠራው የተራ ደንብ አሁን ለረጅም በጋ እያገለገለ ነው፤ የሌሊት ተራ የሚደርሳቸው፣ በተለይ ወንዶቹ ለሥራ የሄዱባቸው ቤቶች፣ ጫናው በዝቶባቸዋል።

እርከኑም በራሱ ሙያ ነው። ግንቡ ያለ ማጣበቂያ የሚደረደር ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈርና ትልልቆቹ ድንጋዮች ከሥር ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት በሁለቱ መገናኛ ላይ ያርፋል፤ በየመሐሉ ረዘም ያለ ድንጋይ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ይደረጋል። ግንቡ ወደ ተራራው ትንሽ ያጋድላል። ከጀርባው ጠጠር፣ ከጠጠሩ ኋላ አፈር ይሞላል። የጠጠሩ ሥራ ውሃ ማሳለፍ ነው። ጠጠሩ ተዘሎ አፈር በቀጥታ ግንቡ ላይ ከተሞላ፣ ወይም ግንቡ በሲሚንቶ ተለስኖ መውጫ ካልተተወለት፣ ርጥብ አፈር ይከብድና ግንቡን ከወገቡ ያስረግዘዋል። የቆዘረ ግንብ ከመናዱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ፈርሶ ቢደረደር ሥራው የጥቂት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ባለቤቱ ካዛብላንካ ሆኖ ማንም ካላየው ግን ሲናድ የታችኛውን ጎረቤት እርከን ይዞ ይወርዳል። ለዚህ ነው የአንድ ቤት መዘጋት የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረው።

የአጨዳውን ተዊዛ በአጭሩ እንለፈው። የደረቀ ገብስ ፀሐይ ሲከርር ስለሚረግፍ በጥዋት ጤዛ ይታጨዳል። አውድማው ላይ በቅሎና አህያ ጎን ለጎን ታስረው ምሰሶ ይዞራሉ፤ ሽማግሌው እንስሳ ምሰሶው ዘንድ፣ ፈጣኑ ወጣት ዳር ላይ። የመውቂያ መኪና መንገድ በደረሰበት ሁሉ ይህን ተክቷል፤ ማንም አላዘነም።

ከመንደሩ በላይ ያለው ግጦሽ ሌላው የጋራ ሀብት ነው። አግዳል ይባላል፦ በጋራ ስምምነት ለተወሰነ ወቅት የሚዘጋ መሬት። በ2600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የኡካይምደን አግዳል ከማርች 15 እስከ ኦገስት 10 ይዘጋል። በነዚያ ወራት ሣሩ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ሥሩ ይጠነክራል። መክፈቻው ለሁሉም አንድ ቀን መሆኑ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ማንም ቀድሞ ምርጡን አያስበላም፣ ጠባቂውም በአንድ እይታ ደንብ የጣሰውን ያውቃል። በአይት ቡገሜዝ ሸለቆ ደግሞ የሚዘጋ ደን አለ፤ የኦክ ዛፉ ቅጠል የሚቆረጠው በረዶ መሬቱን ሸፍኖ ከብቱ የሚበላው ሲያጣ ብቻ ነው። ድርቁ ይህንንም ይፈትነዋል። በ2025 የአገሪቱ የበግና የፍየል ብዛት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከነበረው በ38 በመቶ በመቀነሱ ንጉሡ ሕዝቡ ለአረፋ በዓል እንዳያርድ ጠይቀዋል። ታች ሜዳው ሲደርቅ ከሩቅ የመጡ መንጎች አግዳሉ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፤ የመንደር ጠባቂ ደግሞ በጭነት መኪና የመጣን መንጋ የማስቆም አቅም የለውም።

ግን ከድርቁም ከርዕደ መሬቱም ይልቅ የውሃና የጉልበትን ገመድ ያላላው የገበያ ሰብል ነው ማለት ይቻላል። በአይት ቡገሜዝም በኢምሊል መንደር ዙሪያም ገብስ የነበረበት ማሳ አፕል ሆኗል። ገቢው ተወዳዳሪ የለውም፤ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ገብስ ግን በኖቬምበር ተዘርቶ አብዛኛውን ውሃ የሚጠጣው በክረምትና በፀደይ፣ ወንዙ ሙሉ በሆነበት ወራት ነው። አፕል የሚጠማው በሐምሌና በነሐሴ፣ ወንዙ በሚሳሳበት ጊዜ ነው። በተጨማሪም ገብስ በከፋ ዓመት ሳይዘራ ይታለፋል፤ ዛፍ አይታለፍም፣ አንዴ ከደረቀ የአሥር ዓመት ድካም ይሄዳል። ስለዚህ ባለ አፕሉ ተራውን መጠበቅ አይችልም፤ ገንዘብ ስላለው ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

መንገዱን መንግሥትም አሳጥሮለታል። ከ2008 እስከ 2020 በተካሄደው የአረንጓዴ ሞሮኮ እቅድ ለጠብታ መስኖ ከ80 እስከ 100 በመቶ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ጠብታ መስኖ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ጥቂት ውሃ ይፈልጋል፤ ተራው ግን በ10 ቀን አንዴ ብዙ ውሃ ያመጣል። ሁለቱን ለማገናኘት ገንዳ ያስፈልጋል። ገንዳ ያለው ሰው የሌሊት ተራውን ሳይቸገር ያጠራቅማል፣ የሌላውንም ተራ ይገዛል ወይም ይከራያል። ጉድጓድ ቆፍሮ በፀሐይ ኃይል የሚስበው ደግሞ ከቦዩ ጨርሶ ይወጣል። ከቦዩ የወጣ ሰው ለምን ቦይ ይጠርጋል? ከ40 ቤት 10ሩ ሲወጡ ሥራው ለቀሩት 30 ይከብዳል፤ ከነሱም በከተማ ያሉት ገንዘብ ይልካሉ። በጉልበት ፈንታ መክፈል ጥቂቶች ሲያደርጉት ጥሩ መላ ነው። ብዙዎቹ ከፋይ ሲሆኑ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሠራ ጎልማሳ አይገኝም።

ሕጉም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ከ1914 ጀምሮ ውሃ የመንግሥት ሀብት ነው፤ ከዚያ በፊት የተገኙ ልማዳዊ መብቶች ግን እውቅና አላቸው። በ1990 የወጣው ሕግ ቁጥር 02-84 ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚባል አደረጃጀት አመጣ። ፕሮጀክትና በጀት የሚያውቀው ማኅበሩን ነው፤ መንደሩ የሚታዘዘው ጀማዓውን ነው። ሰዎቹ አንድ ሲሆኑ ነገሩ ይሠራል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ፈረንሳይኛ ስለሚጽፍ ብቻ የተመረጠ፣ ተራ የሌለው ሰው ሲሆን ግን ቧንቧው እሱ በፈለገው በኩል ይዘረጋል። በ2019 የወጣው የጋራ መሬት ሕግ፣ ቁጥር 62-17፣ ሴቶችን በጋራ መሬት ላይ እኩል ባለመብት አድርጓል። የውሃው ጉባኤ ግን በአብዛኛው አሁንም የወንዶች ነው፤ ቀን ቀን ማሳውን የምታጠጣው ሴት ሆና ሳለ።

በዚህ ሁሉ መካከል የመልሶ ግንባታው ገንዘብ ቦዩ ዘንድ ሲደርስ ምን ቢደረግ ይሻላል? ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመለሰን ይልቅ በእርግጥ የሚያፈሰውን ቁራጭ መለየት ይቀድማል፦ ጠጠራማው ወለል፣ የሚንሸራተተው ገደል፣ ጎርፍ የሚያቋርጠው ገደላ ገደል። እዚያ ላይ ከኮንክሪት ይልቅ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ይመረጣል፤ መሬቱ ቢንቀሳቀስ ይታጠፋል፣ ጎርፉም በላዩ ያልፋል። ዛፍ የሚያጠጣው የቦይ ክፍል አፈር ሆኖ ይቅር። መጥለፊያው እንደ ድሮው ላላ ብሎ ይደርደር፤ የሚያስፈልገው ከቦዩ አፍ ላይ የሚዘጋና የሚከፈት ጠንካራ የብረት በር ብቻ ነው። የማጠራቀሚያ ገንዳ የሚሠራ ከሆነም የመንደሩ ይሁን፤ የሌሊቱን ውሃ ይዞ ጥዋት በሙሉ ፍሰት ቢለቅ የሌሊት ተራን መከራ ለሁሉም ያስቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የክፍያው ነገር ነው። ከአደጋ በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ለሥራ የቀን አበል መክፈል ይወዳሉ፤ ሁሉን ላጣ ሰው ገንዘቡ ያስፈልገዋል፣ ይህን መከልከል ጭካኔ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ተከፍሎት የጠረገ ሰው ዘንድሮ ጀማዓው ሲጠራው የመጀመሪያ ጥያቄው ስንት እንደሚከፈል ነው። አበሉ ለቤት ፍርስራሽ ማንሳትና ለመንገድ ጥርጊያ ቢሰጥ፣ ለቦዩና ለእርከኑ ግን ድርጅቱ የሚያመጣው ቱቦ፣ በር፣ ዶማና የበቅሎ ኪራይ ብቻ ቢሆን፣ ጉልበቱ እንደ ቀድሞው በውሃ ድርሻ ተቆጥሮ ከመንደሩ ይወጣል፤ የቀረውም መቀጮውን ለድርጅቱ ሳይሆን ለጀማዓው ይከፍላል።